ለግድግዳ የተሰጠ ምክር

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ጽሑፍ አንድ ቀን መሥሪያ ቤት የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰቀለው ከባለጉዳዩ ፊት ለፊት፣ ከሠራተኛዋ ራስ በላይ ነው፤ ፍሬም ገብቶለት፣ ጥግ ጥጉ አበባ ተስሎበት። ከሥሩ ንጉሡ ቆሟል። በአንድ እጁ ማመልከቻ፣ በሌላው የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ይዞ ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ ከስብሰባ እስኪመለስ ይጠብቃል። ትናንትም እዚሁ ቆሞ ነበር። ወንበር ያልቀረበለት ንቀውት እንዳይመስላችሁ፤ ለንጉሥ የሚገባው ዙፋን ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለዙፋን የያዘው በጀት የለም። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከዚህ የባሰ ነገር አለ፤ ሠራተኛዋ ለጽሑፉ ጀርባዋን ሰጥታለች። ባለጉዳዩ ያነበዋል፣ ነገር ግን ንጉሥ አለመሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ታዲያ ምክሩ ለማን ተሰጠ? ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ሳይሰለች የሚያነበው ማዶ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

ይህ የግድግዳ ምክር ድሮ በመሥሪያ ቤትና በሻይ ቤት ተወስኖ ይኖር ነበር። ዛሬ ኪስ ገብቷል። ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን ያነሳል፤ ቴሌግራሙ ላይ ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ፣ ፀሐይዋ ላይ ስለ ስኬት የተጻፈ ዓረፍተ ነገር፣ ከዓረፍተ ነገሩ ሥር የአንድ ታላቅ ሰው ስም ይጠብቁታል። «እንዴት አደርክ» ቀርቶ «ህልምህን ተከተል» ሆኗል የጠዋት ሰላምታችን። አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ የተዘረጉትን መጻሕፍት ብታዩ ግማሾቹ ሀብታም ወይም መሪ ሊያደርጓችሁ ቃል የገቡ ናቸው፤ ሁሉንም ተሸክሞ የሚውለው አዟሪ ግን ገና አዟሪ ነው። ቃል አይሠራም ልል አይደለም። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እያለ ከኖረ ሕዝብ የወጣ ሰው እንዲህ ቢል ማን ይሰማዋል? የምለው ሌላ ነው፤ ጥቅስ ሰውን የሚለውጠው ለአንድ ሰው፣ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ በሰዓቱ ሲነገርና ለእጁ ሥራ ሲሰጠው ነው። ከዚያ ነቅለን የሰቀልነው ጥቅስ ከመጋረጃ አይለይም፤ እንዲያውም መጋረጃው ፀሐይ ይከለክላል።

የድሮ ሰዎች በምሳሌያዊ አነጋገር እንዴት ይሠሩበት እንደነበር ማየት ይበቃል። በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ዱላቸውን እየወዘወዙ ነገራቸውን በተረትና በምሳሌ ሲያዋዙ፣ ምሳሌው እዚያው ሜዳ ላይ ባላጋራ ነበረው። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳዋል፣ ዳኛው ይመዝነዋል። አማርኛም ምሳሌዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያኖራቸው ለዚሁ ይመስለኛል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያለው ቋንቋ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። «ዝምታ ወርቅ ነው» ካለ በኋላ ዞር ብሎ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። አባቶቻችን ተምታቶባቸው አይደለም። ሽማግሌው ሁለቱንም ያውቃል፤ ምክር ፍለጋ የመጣውን ልጅ አይቶ፣ ችኩል ከሆነ እንቁላሉን፣ ዳተኛ ከሆነ ቅጠሉን ያወጣለታል። ግድግዳና ስልክ ይህን መለየት አይችሉም። የደመወዝ ጭማሪ መጠየቅ ያቃተው ዝምተኛ ሠራተኛ ጠዋት ስለ ዝምታ ክቡርነት ካነበበ፣ ዓመቱን ሙሉ ወርቅ ሆኖ በነሐስ ደመወዝ ይቀመጣል። በዚያው ጠዋት ስብሰባ ላይ ማይክሮፎን የማይለቀው ባልደረባው «ድምፅህን አሰማ» የሚል ይደርሰዋል። መድኃኒቶቹ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የተቀያየሩት በሽተኞቹ ናቸው።

ጥቅስ ፍሬ እንዳለውና እንደሌለው ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ገልብጦ ማየት። «የውስጥህ ንጋት የማንነትህ ጉዞ ነው» የሚል አሁን እዚሁ ፈጠርኩ እንበል። ገልብጡት፤ «የማንነትህ ጉዞ የውስጥህ ንጋት ነው»። ሁለተኛው እንዲያውም ሳይሻል አይቀርም። ራዕይ፣ ብርሃንና ከፍታ የሚሉትን ጨምራችሁ ብታምሱት ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የሚበቃ የጠዋት ሰላምታ ይወጣዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል»ን ግን ለመገልበጥ ሞክሩ፤ ቅጠሉን እሳት ላይ ከመጨመር ያለፈ ነገር አታገኙም፤ ምክንያቱም ውስጡ እሳት አለ፣ እጅ አለ፣ ቅጠል አለ። ጎርደን ፔኒኩክ የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን የመሰለ ነገር አሳትሟል። ከፍ ከፍ ያሉ ቃላት በኮምፒዩተር በዘፈቀደ ተገጣጥመው፣ ሰዋስዋቸው ብቻ ተጠብቆ ለሰዎች ቀረቡ፤ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆኑም ተጠየቀ። ማንም ያላሰባቸውን እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች ጥልቅ ናቸው ያለው ሰው ጥቂት አልነበረም። ጥናቱ በማግስቱ ዓመት ኢግ ኖቤልን፣ ማለትም መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ፤ ያውም በሰላም ዘርፍ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ማቲው ማክግሎን የተባለ ተመራማሪና የሥራ ባልደረባው ቤት የሚመታ አባባል ያንኑ ትርጉም ይዞ ቤት ከማይመታው ይልቅ እውነት መስሎ እንደሚታይ አሳይተዋል። ለእኛ ይህ ጥናት አያስፈልገንም ነበር። ቤት ይምታ እንጂ እውነትነቱ በኋላ ይደረስበታል ባዮች ነን።

ከሥር የሚጻፈው ስም ደግሞ ዋስ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ በራሱ ብድር የማያገኝ ሲሆን ታላቅ ሰው ለዋስትና ይጠራል። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለ ሲመታቸው ላይ ተናገሩት ተብሎ የሚዞረው፣ ሰው አጥብቆ የሚፈራው ድክመቱን ሳይሆን ኃይሉን ነው የሚለው ሐሳብ የአሜሪካዊቷ የማሪያን ዊልያምሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ በማንዴላ ንግግር ውስጥ የለም። ባለቤቱ ጭራሽ የጠፋበት ሁሉ «የቻይናውያን አባባል» ይባላል፤ እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ መንገድ እየሠሩ ይህን ሁሉ መቼ ተናገሩት? ስሙ ቢሳሳት ሐሳቡ እውነት ከሆነ ምናለበት የሚል ይኖራል። ምንም የለበትም። እንዲያ ከሆነ ስሙን አንሱትና ጥቅሱን የጎረቤታችሁ ጋሽ እገሌ እንደተናገሩት አስቡት፤ ያን ጊዜም ለሃምሳ ሰው የምትልኩት ከሆነ ላኩት።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ሞራል ይሰጣል፣ ገንዘብ አያስወጣ፣ ማንን ጎዳ?» ይባላል። ጎድቷል። ጆአን ዉድ የተባለች የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ ለራሳቸው እንዲደጋግሙ ተደረገ። ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸውን በመጠኑ ጠቀማቸው፤ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ካልደጋገሙት ቢጤዎቻቸው የባሰ ተሰማቸው። የጠገበውን አጉርሶ የራበውን የሚያስመልስ ምግብ ማለት ነው። የጋብሪየለ ኦቲንገን ጥናት ደግሞ በቀጥታ የሥራ ፍለጋን ጉዳይ ይነካል። እሷና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሥራ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተማሪዎች ስለሚያገኙት ሥራ ምን እንደሚያልሙ ተጠይቀው፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ የት እንደደረሱ ታየ። ጣፋጭ ጣፋጩን አብዝተው ያለሙት ያስገቡት ማመልከቻ አነሰ፣ ያገኙት ሥራ አነሰ፣ ደመወዛቸውም አነሰ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ጀርመኖች በቁጥር ደረሱበት። ተስፋ ወንጀል ነው ማለት አይደለም፤ እዚያው ጥናት ላይ ከዚህ በፊት የሠሩትን ቆጥረው «ይሳካልኛል» ብለው የገመቱት ደህና ሆነዋል። ልዩነቱ ግምቱ ከሠሩት ሥራ መምጣቱ ነው። ጥቅስ የሚሰጠው ደስታ ችግሩ ይኸው ነው፤ ወተቷን ሳይጠጡ የመጥገብን ስሜት ይሰጣል። አራት ኪሎ ቆሞ ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያነብ የነበረው ወጣት ከዚያ ተነሥቶ የሚሄድበት አድራሻ ነበረው። ስለ ጽናት ያነበበውና ለወዳጆቹ ያጋራው ወጣትም አንድ ነገር የሠራ መስሎት ይውላል፤ አድራሻ ግን የለውም።

«ኃይሌስ? ይቻላልስ?» የሚል ድምፅ ከወዲያ ይሰማኛል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 2000 ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው። ሃያ አምስት ዙር ተሮጦ፣ 27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ካለፈ በኋላ፣ ልዩነቱ ዓይን ከመርገብገብ ያነሰ። ከእንዲህ ያለ ሰው አፍ «ይቻላል» ሲወጣ ቃሉ እግር አለው። ግን የትኛው ከየትኛው መጣ? ቃሉ ሩጫውን አልወለደውም፤ ከአሰላ ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ ጀምሮ የተሮጠው ሩጫ ነው ቃሉን የወለደው። እኛ የወሰድነው መጨረሻ ላይ የወጣውን ቃል ብቻ ነው፤ ቀላሉን ክፍል ማለት ነው። ቋንቋውን ደግሞ እዩት። «ይቻላል» ባለቤት የለውም። ማን ይችላል? መቼ? «እችላለሁ» ያለ ሰው ነገ ይጠየቃል፤ «ይቻላል» ያለ ሰው ግን ማንም አይጠይቀውም፣ እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጣ ነገር አድርጎታልና። ከዚህም አልፎ በአማርኛ መቻል ሁለት ነገር ነው፤ ማድረግ መቻልና ችሎ መኖር። «ቻለው» ሲሉን «አድርገው» ማለታቸው አይደለም፣ «ታገሠው» ነው። ስለዚህ ማኅተም የያዘው ሰው በሌለበት ቢሮ ግድግዳ ላይ «ይቻላል» ተሰቅሎ ያየ ባለጉዳይ በሁለተኛው ትርጉም ቢያነበው አይፈረድበትም።

ሕዝብ በጭንቅ ጊዜ በመፈክር ይጸናል የሚሉም አሉ፤ ምሳሌ ሲያደርጉም ዛሬ በየስኒውና በየካናቴራው ላይ የምናየውን «ተረጋጉና ቀጥሉ» የሚለውን የእንግሊዞች ፖስተር ይጠቅሳሉ። የዚህ ፖስተር ታሪክ ለእኔ ወገን የቆመ ምስክር ነው። የብሪታንያ የማስታወቂያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1939 ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ አሳተመ፤ ለባሰ ቀን ብሎም መጋዘን አስቀመጠው። ሕዝቡ ፊት ሳይቀርብ አብዛኛው ተመልሶ ለወረቀት ምርት ተፈጨ። ለንደን ሌሊት ሌሊት ስትደበደብ የነበረው ሰው ይህን ጥቅስ አላነበበም። በእጁ የነበረው የራሽን ደብተር ነው፤ ያወቀውም ሲመሽ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ መጋረድ፣ ሳይረን ሲጮህ ወደ መጠለያ መውረድ ነው። ፖስተሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 በአልንዊክ ከተማ፣ በድሮ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ከአንድ ካርቶን ሥር አንድ ቅጂ ካገኘ በኋላ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ሃምሳ አምስት ዓመት አልፎት፣ ሰዉ ሁሉ ተረጋግቶ ቡና ሲጠጣ።

ሃይማኖተኛ አንባቢ ደግሞ እዚህ ላይ ያስቆመኛል፤ «ዳዊትስ በየቀኑ ይደገም የለ? መደጋገም ካልሠራ ስለምን ይደገማል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ጥያቄው ውስጥ አለ፤ ዳዊት ይደገማል እንጂ አይሰቀልም። ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል፤ ሰኞ የሚደገመው ማክሰኞ ከሚደገመው ይለያል። የሚደግመው ሰው ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቆሞ፣ በአፉ አውጥቶ ነው። ሶላትም ሰዓት አለው፣ አቅጣጫ አለው፣ ጉልበት ይጠይቃል። እነዚህ ሰውየውን ከአልጋው የሚያነሱ ቃላት ናቸው፤ የቴሌግራሙ ጥቅስ ግን አልጋው ላይ እንደተኛ ያገኘዋል፣ እንደተኛም ይተወዋል።

የሚሠራ ጽሑፍ ለማየት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መግባት ይበቃል። ታክሲ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይዞ ይዞራል። ስለ ፍቅር፣ ስለ እናትና ስለ ምቀኛ የሚናገረው ለጨዋታ ነው፤ እሱን እንዳትነኩብኝ፣ በሰልፍ ለደከመ ሰው ፈገግታም ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን በሩ እጀታ አጠገብ የተለጠፈው «በሩን ቀስ ብለው ይዝጉ» ነው። ቦታውን ልብ በሉ። ከሹፌሩ ራስ በላይ አይደለም፤ በሩን ሊወረውር የተዘረጋው እጅ ሳያየው የማያልፍበት ላይ ነው። «ዝርዝር ሂሳብ ይያዙ» ደግሞ ከፊታችሁ ካለው መቀመጫ ጀርባ ላይ ነው፤ ረዳቱ ዞሮ እጁን ሳይዘረጋ በፊት ኪሳችሁን እንድትዳብሱ። የሰፈር ሱቅ ውስጥ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ባለሱቁ ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ሊናገረው የሚያፍረውን በሰዓቱ ይናገርለታል፤ ዘይትም ጉርብትናም ይተርፋል። ከጃፓን የመጣው የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ፣ ካይዘንም ቢሆን፣ ጥሩ በሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ የሠራው «ጥራት ባህላችን ነው» የሚለው ሰሌዳ አይደለም። እዚያ ግድግዳው ላይ የመዶሻ፣ የፒንሳ፣ የካቻቢቴ ቅርጽ በቀለም ተስሏል፤ እያንዳንዱ ዕቃ የሚሰቀለው የራሱ ጥላ ላይ ነው። ማታ አንድ ካቻቢቴ ከጎደለ ባዶው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኃላፊነት የሚሰጥ ስብከት አያስፈልግም፤ ካቻቢቴውን ማን እንደያዘ መጠየቅ ብቻ ነው።

ቀደም ብዬ ያነሳኋት የኦቲንገን ባል ፒተር ጎልዊትዘር በሙያው ይህንኑ፣ ሐሳብ ቦታና ሰዓት ሲቆረጥለት እንዴት ወደ ሥራ እንደሚለወጥ፣ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። ሚስት የሰማዩን ላም ስታፈርስ ባል በረት ይሠራል ማለት ይቻላል። ጎልዊትዘርና አንዲት ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ለተማሪዎች የቤት ሥራ ተሰጠ፤ የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ። በዓል ነው፣ ዘመድ አለ፣ ምግብ አለ፣ ማን ይጽፋል? ግማሾቹ የትና በስንት ሰዓት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነዚህ ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ በጊዜው ጻፉ፤ ካልወሰኑት ውስጥ የጻፈው ከሦስቱ አንዱ ነው። ማንም ስለ ጽናት አልሰበከላቸውም፤ የተጨመረላቸው ወንበርና ሰዓት ነው። «ህልምህን ተከተል» የሚለውን ወደዚህ ቋንቋ ብንመልሰው «ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ሳልይዝ፣ ሲቪዬን አሳትሜ እገሌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ አስገባለሁ» የሚል ይወጣዋል። አስቀያሚ ዓረፍተ ነገር ነው። ቤት አይመታም፣ ፀሐይ ከጀርባው አይወጣለትም፣ ለሌላ ሰው ቢላክም ለምንም አይሆነውም፤ ለላኪው ብቻ የተሰፋ ነውና።

ስለዚህ ልመናዬ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን አውርዱትና ፍሬሙን አትጣሉት፤ ያገለግላል። ሠራተኛዋም ባለጉዳዩም እኩል በሚያዩት ቦታ ስቀሉትና እንዲህ ብላችሁ ጻፉበት፦ «ማኅተም ክፍል 12 ነው። ሰውየው ከሌለ ክፍል 14 ይጠይቁ። ክፍል 14ም ሰው ከሌለ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፤ እስከ 9 ሰዓት አንዱ ይመጣል።» ወንበሩንም አስቀምጡ። ከሥሩ የታላቅ ሰው ስም አያስፈልገውም፤ የኃላፊው ስልክ ቁጥር ይበቃል።